ጽዋው አልፎት የሄደው ደጅ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ታመመ። በሽታው የሚድን አልነበረም።

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ጓደኛዬ በጽኑ ታማ ተኝታለች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር የምላት ይጠፋኛል። ከመጽሐፍ የቱን ክፍል ባነብላት ትጽናናለች?» ነው ያልሽኝ። ክፍሉን ወዲያው ልነግርሽ እችል ነበር። መጀመሪያ ግን የዚህን ሸማኔ ነገር ስሚ።

ሰውየው ሆዱ እያበጠ፣ ጉልበቱ እየከዳው ሄደ። ጠበል ገባ፤ ሐኪም ቤትም ተኛ። ሐኪሞቹ በመጨረሻ «ከቤትህ ሆነህ ዕረፍ» ብለው አሰናበቱት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለእሱም ለሚስቱም ገባቸው። አልጋውን ከሽመና ዕቃው አጠገብ አስዘረጋ። መሥራት ባይችልም ዕቃውን እያየ መተኛት ፈለገ።

ይህ ሰው ማኅበርተኛ ነበር። አሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ በሚካኤል ቀን ጽዋ ይጠጣሉ። የማኅበርን ደንብ ታውቂዋለሽ። በየወሩ አንዱ በተራው ይደግሳል። ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል፤ ማኅበርተኛውም እየዘመረ እስከ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። ጽዋው እስከሚቀጥለው ሚካኤል እዚያ ቤት ይቀመጣል።

ማኅበርተኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሸማኔው ከተኛ ጀምሮ ሳይጠይቁት የቀሩበት እሑድ የለም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪያቸው፣ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ነበር። እሱ በመጣ ቁጥር የኢዮብን ትዕግሥት ይነግረዋል። ሌላው፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት በጠበል ስለዳነ ዘመዱ ያወራል። አንዱ ደግሞ ዳዊት ይደግምለታል። የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። ሸማኔው ለሁሉም «አሜን» ይላል። ሲወጡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

አንድ እሑድ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሚስቱን «ዛሬ ኢዮብ ስንት ጊዜ መጣ?» አላት።

«ሦስት ጊዜ» አለችው።

«ኢዮብ እንኳ ከኔ ይሻላል። ያ ሁሉ ሲደርስበት ስለ ኢዮብ የሚያወራለት አልነበረም።»

ሚስቱ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። «ተው እንጂ አንተ ሰው! በጻድቅ ይቀለዳል?»

«በእሱ አልቀለድኩም። አሜን ማለት ደክሞኝ ነው።»

ወሩ ዞሮ ጽዋውን የመረከብ ተራው የሸማኔው ሆነ። ማኅበርተኞቹ በዚያ ወር ደጋሽ ቤት ተሰብስበው በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ሙሴው ተነሣ። «ወንድሞቼ» አለ፣ «በዚያ ሁሉ ሕመም ላይ ድግስ ብንጭንበት ኃጢአት ነው። ተራውን እንለፍለትና ለሚቀጥለው እንስጥ።» ሁሉም በአንድ ቃል «እውነት ነው» አሉ። የሚቀጥለው አንድ ገበሬ ነበር። እሱም እውነት ነው አለና ጽዋውን ተቀበለ። እንዳያዝን ብለው ለሸማኔው አስቀድመው አልነገሩትም።

የገበሬው ቤት ከሸማኔው ቤት በታች ነበር። ስለዚህ ጽዋውን ይዘው እየዘመሩ በሸማኔው ደጅ በኩል ወረዱ። ሸማኔው ከማለዳ ጀምሮ ይህን መዝሙር ሲጠብቅ ነው የዋለው። ገና ከሩቅ ሲሰማው ሚስቱን «መጡ፤ ውጪና ተቀበያቸው» አላት። ጽዋ በባዶ እጅ አይቀበሉም፤ ባሏ ታሞ ሳይተኛ በመጨረሻ የሠራውን ነጠላ በሁለት እጇ ላይ ዘርግታ ደጅ ወጥታ ቆመች። መዝሙሩ ቀረበ። ደጁ ጋ ደረሰ። ከዚያ አለፈ። ያላዩዋት እየዘመሩ ሄዱ፤ ያዩዋት አንገታቸውን ደፉ።

ሴትዮዋ ነጠላውን እያጠፈች ገባች። «ለታች ቤቱ ሰጥተውታል» አለች።

ሸማኔው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በኋላ «ለካ ሞቻለሁ» አለ። «የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው።»

ከዚያ ወዲያ እህል እንቢ አለ። ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ተቆጣችው። አፉን አልከፈተላትም። ውኃም በግድ ነበር። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ፤ ሰውየው ከበሽታው ቀድሞ ሊሄድባት እንደሆነ ገባት።

ገበሬው ግን ያን ነጠላ አይቶ ነበር። ጽዋውን ተሸክሞ ከፊት ይሄድ የነበረው እሱ ነው። ሁለት ቀን ጽዋው ባለበት ቤት መቀመጥ አቃተው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሙሴውን ሳያስፈቅድ፣ ተሸክሞት ወደ ሸማኔው ቤት ወጣ። ገብቶ «እግዜር ይማርህ» አላለም። ጽዋውን አልጋው አጠገብ አስቀመጠና «ተራህን ወስጄብህ ነበር፤ ይኸው» አለ።

ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። «ምነው አያ መኩሪያ! ሰውየውን አታየውም እንዴ? በምን አቅሙ ይደግሳል?»

«ድሮስ መቼ ደግሶ ያውቃል? ጠላው ያንቺ፣ ዳቦው ያንቺ። የእሱ ሥራ በድግሱ መጎረር ነበር። ለመጎረር ደግሞ መነሣት አያስፈልገውም።»

ሸማኔው ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ጽዋውን አየው። «እስከሚቀጥለው ሚካኤል ካልኖርኩስ?» አለ።

«እኔስ እንደምኖር ማን ነገረህ?» አለ ገበሬው። «ጽዋው የሚኖር ሰው ቤት አይደለም እኮ የሚሄደው። ተራው የደረሰ ሰው ቤት ነው።»

ሸማኔው እጁን ዘርግቶ የጽዋውን ጨርቅ ነካ። የጨርቁን ጠርዝ በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገና ክሩን መረመረ። ከዚያ ለሚስቱ «ጌሾ አለን?» አላት።

«የለንም።»

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

ያን ቀን ትንሽ አጥሚት ጠጣ።

ያን ወር ሙሉ፣ ሰው ድሮ የሚያውቀውን ሸማኔ ሆነ። ካልጋው ሳይነሣ ጌሾው በዛ፣ ብቅሉ አነሰ እያለ ሚስቱን መከራዋን አበላት። ገበሬው እንጨት ፈለጠላቸው፤ ሚስቱንም ለእርዳታ ላከ። ሙሴው ነገሩን ሲሰማ ገበሬውን አስጠርቶ «በታመመ ሰው ላይ ሸክም ጫንክበት!» ብሎ ተቆጣው። ገበሬው «አዎ፣ ጫንኩበት» አለና ሄደ።

የሚካኤል ቀን ደረሰ። ሸማኔው በሕይወት ነበር። ደጋሽ ቆሞ ማስተናገድ ደንቡ ነው፤ እሱ ግን መቆም ስላልቻለ አልጋው ላይ ከግድግዳው አስደግፈው አስቀመጡት። ገበሬው «እኔ ልቅዳልህ» ቢለው «በገዛ ቤቴ?» አለው። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ ዋንጫቸውን ይዘው አንድ በአንድ ወደ አልጋው መጡ። ማሰሮዋን በሁለት እጁ ይዞ ቀዳላቸው። ዋንጫው ውስጥ ከሚገባው አልጋው ላይ የሚፈሰው ይበዛ ነበር። ሁሉም እስኪሞላለት ጎንበስ ብሎ ጠበቀ።

ባለጠጋው ተራው ሲደርስ ሸማኔው «ኢዮብ ዛሬ አልመጣም?» አለው።

ባለጠጋው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እዚያው አልጋው ሥር ተንበረከከና ሰው በማይሰማው ድምፅ «ልጄ ከቤት ከወጣ ሰባት ወሩ ነው» አለ። «ይኑር ይሙት አላውቅም።»

«ሰባት ወር? በየእሑዱ እዚህ ትመጣ አልነበረም? ምነው ሳትነግረኝ?»

«አንተ እንዲህ ሆነህ እኔ የራሴን ላወራ?»

ሸማኔው ማሰሮዋን አስቀመጠ። «የክርስትና ስሙን ንገረኝ» አለው። ባለጠጋው «ወልደ ሰንበት» አለ። ሸማኔው ስሙን እንዳይረሳው ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ያን ስም እየጠራ ሲጸልይ ሚስቱ ትሰማው ነበር።

ሰውየው አልዳነም። በምሳሌዬ ውስጥ ፈውስ ስትጠብቂ ከነበረ የለም። ሁለት ወር ቆይቶ ሞተ። የባለጠጋው ልጅም በእነዚያ ወራት አልተመለሰም፤ በኋላ ይመለስ አይመለስ እኔ አልሰማሁም። ማኅበርተኞቹ ግን ከድግሱ በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ፣ ሊጠይቁት ሲመጡ የየራሳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ ከወንድሙ ጋር የተካሰሰበትን መሬት፣ ሌላው ጸሎት እንቢ ያለውን ልቡን። ሸማኔው ይመክራል፤ ይቆጣል፤ አንዳንዴም ተሸፋፍኖ ይተኛባቸዋል። ዳዊቱንም የሚመርጠው እሱ ሆነ። «ይኸኛውን አንብቡልኝ» ይላል፤ ሲያነቡለትም አብሯቸው ይላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው ጓደኛሽ ናት። ማኅበርተኞቹ አንቺና ወዳጆችሽ ናችሁ። የምትሏት ቃል ሐሰት አይደለም፤ ፍቅራችሁም ሐሰት አይደለም። ግን ከመታመሟ በፊት ለአንቺ ምን እንደነበረች አስቢ። ጾም ስታፈርሺ ትገሥጽሽ እንደነበር፣ በፈተና ሰሞን ስለ አንቺ ትሰግድ እንደነበር አንቺው ነግረሽኛል። አሁን ልታሳርፏት ብላችሁ ይህን ሁሉ ከእጇ ወስዳችኋል። እሷ የምትቀበል ብቻ፣ እናንተ የምትሰጡ ብቻ ሆናችሁ። ተራዋን ዘላችሁባታል። ምንም የማይጠበቅበት ሰው ቢያጽናኑት አይሰማም፤ ከሰው ቁጥር የወጣ መስሎት ነው የሚያዳምጠው።

«ብትደክምብኝስ?» ትይኝ ይሆናል። ትድከም። እስከ ዛሬ ያደከማት በሽታው ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ የጓደኛዋ ጉዳይ ያድክማት። የሚነበበውንም ክፍል እንደ ሸማኔው እሷው ትምረጥ።

እኔ ዘንድ ስትመጪ ዓይንሽ አብጦ ነበር። የምታለቅሺው ስለ እሷ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ እኔም አልጠየቅኩሽም። ነገ ሄደሽ የሚያስለቅስሽን ለእሷ ንገሪያት። ሳታሳንሺ፣ «ካንቺ አይብስም» ሳትዪ፣ ድሮ እንደምትነግሪያት ንገሪያት። ከዚያ ጸልዪልኝ በያትና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ጸሎቱን ብታስረዝመውም፣ እስክትጨርስ አታቋርጫት።