የቁራኞች ድንጋይ

ማጠብ ማለት ከልብስ ላይ የልብሱ ያልሆነውን ነገር አስለቅቆ ለወንዝ መስጠት ነው። ሥራው ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፤ ውሃ፣ እንዶድና የሚረገጥበት ድንጋይ። ትዕግሥት አራተኛ ሆኖ ያልተቆጠረው ሁሉም ሰው ይዞት ይመጣል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

በሙጬ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ሁለት በሬ የሚያስተኛ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ፊቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሸንተረሮች ስላሉበት፣ ልብስ ሲታሽበት እንደ ሞረድ ቆሻሻውን ይበላዋል። የቁራኞች ድንጋይ ይሉታል። የአካባቢው ሰው ጎረቤቱን ሊከስ ሲያስብ፣ አስቀድሞ ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ወደዚህ ድንጋይ ወርዶ አንድ ጋቢ አብሮ ያጥባል፤ ይህን ሳያደርግ ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው መስካሪ አያገኝም። ስለ ልማዱ አመጣጥ ሽማግሌዎች የሚናገሩት እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ የፈታ ወይም ሸማውን ጥሎ የወጣ ሰው እንደተረታ ይቆጠራል። ይርዳው የተባለ ገበሬ ታዲያ ጎረቤቱን ጓንጉልን፣ ድንበሬን ሦስት ትልም ገፍቶ አርሷል ብሎ ከሰሰው። ሦስት ትልም ብዙ አይደለም፤ በሬ ሲዞር የሚረግጠውን ያህል ነው። ነገር ግን በአገሩ ሕግ ድንበር የገፋ ሰው እርሻውን በሙሉ ይነጠቃል፤ በሐሰት የከሰሰም እንዲሁ። ከሁለቱ አንዱ መሬት አልባ ሆኖ እንደሚመለስ የታወቀ ነበር።

ዳኛው በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በሰኔ ወር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጡ ነበር ይባላል። ሁለቱ ሰዎች በጠዋት ወንዙ ዳር ሲደርሱ ይርዳው ከሳሽ ነኝና ልቅደም አለ፤ ጓንጉል በዕድሜ እበልጣለሁ ብሎ እምቢ አለ። ሁለቱም እኩል ለመቅደም ሲሽቀዳደሙ ጭቃው ውስጥ እኩል ወደቁ።

ድንጋዩ ላይ ዘርጊቱ የምትባል ሴት ነበረች፤ በዚያ አገር አጠባ የወንድ ሥራ ቢሆንም፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷን ልብስ የምታጥበው ራሷ ነበረች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«አያ ጓንጉል፣ የተጣላችሁበትን መሬት ይዛችሁት መጣችሁ እንዴ?»

«ነገሩን ተይውና እንዶድ ስጪን» አላት ጓንጉል። «በዚህ ጭቃ ዳኛ ፊት ብንቀርብ አሽከሮቹ ገፍትረው ይመልሱናል።»

«እንዶዱስ ሞልቷል። በሉ፣ ሸማችሁን አውልቁና...»

«ማን ያወልቃል!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። በዚያ ዓመት የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ እንደነበር ይነገራል።

ስለዚህ የሸማቸውን አንድ ወገን ወገባቸው ላይ እንደጠመጠሙ፣ ቋጠሮው ያለበትን ወገን ድንጋዩ ላይ አነጠፉና የተወቀጠ እንዶድ ነስንሰው ይረግጡ ጀመር። አንዱ እግሩን ሲያነሣ ሌላው ካላነሣ ይጎተታል፤ ሁለት ጊዜ ተያይዘው ከወደቁ በኋላ ዘርጊቱ እያጨበጨበች እርምጃቸውን አስማማችላቸው። ለመጭመቅ ደግሞ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ መጠምዘዝ አለበት፤ በዚህ በኩል ችግር አልነበረባቸውም።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ሸማቸው ነጭ ነበር። ዳኛው ቋጠሮውን ሊፈቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቋጠሮው ግን በእንዶድ ተረግጦ፣ በኃይል ተጠምዝዞ፣ በፀሐይ ደርቆ ነበርና አልነቃነቅ አለ። በጥርስ ተሞከረ፣ በወስፌ ተሞከረ። በመጨረሻ ዳኛው ከአንዱ ሸማ ላይ ይቆረጥ ብለው አዘዙ።

«ከሱ ይቆረጥ፤ ጎትቶ ያመጣኝ እሱ ነው» አለ ጓንጉል።

«መሬቴን ቆርሰህ አልበቃህ ብሎ ሸማዬንም ልታስቆርስ!» አለ ይርዳው።

ይህ ራሱን የቻለ ክርክር ሆኖ የቀኑን ቀሪ ጊዜ በላው። ዳኛውም ቋጠሮ ሳይፈታ ነገር አይሰማም፤ ለከርሞ ቅረቡ ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

ሁለቱ ሰዎች እንደተቋጠሩ ተመልሰው ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ነው ነገሩ የገባቸው። ጊዜው የእርሻ ነው። ቁራኛ ሆኖ የማን ማሳ ቀድሞ ይታረሳል? ሁለቱም ካልታረሱ ደግሞ በከርሞው ፍርድ የሚነጠቀውም ሆነ የሚያሸንፈው አስቀድሞ በረሃብ ያልቃል።

«ባንዴ አውልቁ፤ እኔ እቆጥራለሁ» አለች ዘርጊቱ። እስከ ሦስት ቆጠረች። ማንም አላወለቀም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ጓንጉል።

«አንተን።»

እንደገና ቆጠረች፤ አሁንም ማንም አላወለቀም። ዘርጊቱ ያልታጠበ ልብስ ተቆልሎ ይጠብቃት ነበርና ተናደደች። «እንግዲያው አንተ የሱን አውልቅ፤ እሱም ያንተን ያውልቅ። በገዛ እጁ ያወለቀልህ ሰው ሸማህን ጣልክ ብሎ ምን አፍ አለው?»

ሁለቱ ተያዩ፤ በነገሩ ውስጥ ተንኮል ፈልገው አጡበት። ከዚያ ጓንጉል የይርዳውን፣ ይርዳው የጓንጉልን ሸማ ከወገብ ፈቱ፤ የአካባቢው ሰው እንደሚለው፣ ቀስ ብለው፣ የታመመ ሰው እንደሚያለብሱ ሆነው። ተቋጥረው የቀሩትን ሁለት ሸማዎች ዘርጊቱ ለምስክርነት ወሰደቻቸው። ወሬው በተሰማ በሳምንቱ የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ መካሰስ የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ይጠብ ብለው ደነገጉ።

ጓንጉልና ይርዳው ያን ክረምት እየተረዳዱ አረሱ የሚሉ አሉ፤ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው አረሱ የሚሉም አሉ። ሦስቱን ትልም ግን ማንም ለማንም አልተወም፤ ማንም ደፍሮ አላረሰውም። ዛሬ ቦታው ከሁለቱ ማሳዎች መካከል የቆመ የእንዶድ አጥር ሲሆን፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሁሉ ባለቤት ሳይጠይቅ ይሸመጥጥበታል።

በዓመቱ ሁለቱም ዋርካው ሥር በሰዓቱ ቀረቡ። ዳኛው ተሽረው ነበር፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ነው።