የጋሽ ወርዶፋ የለቅሶ ፎቶ

አንድ ቀን ጋሽ ወርዶፋ ሞተ። ሌላ ቀንማ ጊዜ አልነበረውም።

ጋሽ ወርዶፋን ለማታውቁት፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቁጥቋጦውን በገዛ እጁ መንጥሮ፣ ጎጆውን አቁሞ፣ ጀልባውን ገዝቶ፣ መዝናኛ ከፍቶ ልጅና የልጅ ልጅ ያሳደገ ሰውዬ ነው። ባለቤት ሲባል ሰው ቦርጭ ያለው፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ይመስለዋል። እሱ የት ተቀምጦ! አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ እንኳ ሐይቁ ዳር ቆሞ እግሩን እያፈራረቀ ያርፋል፤ ጋሽ ወርዶፋ ግን ሁልጊዜ ጎንበስ ነው። ጀልባ ሲያስር ጎንበስ፣ እንግዳ የጣለውን የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲለቅም ጎንበስ፣ የተደፈነ ቱቦ ሲጠነቁል ጎንበስ። እንግዳ ሲመጣ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» የሚለው እንኳ ቀና ብሎ አይደለም፤ በሁለት እግሮቹ መሀል አሾልቆ እያየ ነው።

የሥራ ልብሱ አንዲት ካኪ ቁምጣ ናት። በስተኋላዋ ስትሳሳ ሚስቱ እትዬ ዘርፌ ከእንግዳ ክፍል በተረፈ መጋረጃ ጣፈችለት። መጋረጃው ደግሞ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት ነው። አበባው የት ላይ እንዳረፈ እንግዲህ መናገር አያስፈልግም። ጀልባ ቀዛፊዎቹ ሐይቁ መሀል ጉም ሲወርድባቸው ያቺን አበባ ፈልገው ነበር አሉ ወደ ዳር የሚመለሱት።

አሟሟቱም እንደ አኗኗሩ ሆነ። ጠዋት ገመድ ሊያስር ጎንበስ አለ፣ ጀልባዋ ላይ ደገፍ አለ፣ በዚያው ቀረ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «እንደምን አደርክ ጋሼ! በርታ!» እያለው ያልፋል። ምሳ ሰዓት ደርሶ እትዬ ዘርፌ ልትጠራው ስትሄድ ነው የታወቀው።

«ወይኔ ሰውዬዬ!» አለች አሉ ደረቷን እየደቃች፣ «ሞተህ እንኳ ግማሽ ቀን ሠራህ!»

መዝናኛው ያን ሰሞን በእንግዳ ተይዟል። ጋሽ ወርዶፋ ደግሞ በቁሙ «እኔ ብሞት እንኳ እንግዳ እንዳታባርሩ» ይል ስለነበር፣ ድንኳኑ የተጣለው ከተማ ውስጥ፣ እድሩ ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው ወዲያ ማዶም የሌላ ሰው ለቅሶ ነበር።

ታዲያ የእትዬ ዘርፌ ወንድም አቶ ልሳነወርቅ ከአዲስ አበባ ከተፍ አሉ። ታናሿ ናቸው፤ ግን አንቱ ካልተባሉ እህል ስለማይወርድላቸው አንቱ እንበላቸው። አንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፕሮቶኮላቸውን የሚያራግፉበት ቢያጡ በየዘመዱ ለቅሶ ይዘውት ይዞራሉ። ገና ድንኳኑ ውስጥ እግራቸው ሳይገባ፣ አግዳሚው ይዙር አሉ፣ ሙሾ አውራጇን ድምፅሽ ቀጠነ አሏት፣ ከዚያ ዙሪያውን ቃኙና፣

«የሟች ፎቶግራፍ የታለ?» አሉ።

ፎቶ ተፈለገ። አልበሙ ተገለበጠ፣ የመዝናኛው ግድግዳ ላይ የነበረው ሁሉ እየተነቀለ መጣ። ከፎቶማ ፎቶ ሞልቷል! ስንቱ ሙሽራ ሐይቁ ዳር ተነሥቶ አንዳንድ ቅጂ ሰጥቷል። ግን በያንዳንዱ ላይ ጋሽ ወርዶፋ ያለው ከሙሽሮቹ በስተጀርባ ነው፤ ያውም ጎንበስ ብሎ፤ ያውም ዞሮ። ፊቱ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ብቻ። እዚያም ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ስላሉት ጨንቆት፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ጅብ ያየ አህያ መስሏል።

«ይኸ ይበቃል» ብለው አቶ ልሳነወርቅ ይዘውት ፎቶ ቤት ሄዱ። ፎቶ ቤቱ እንደሆነ ሥራውን ያውቃል፤ በኮምፒውተር ጥቁር ሱፍ አለበሰው፣ ከረባት አሰረለት፣ ሽበቱን አጠቆረለት፣ ከኋላው ትልቅ ፏፏቴ ለቀቀበት። ጋሽ ወርዶፋ ያንን ፏፏቴ በሕይወቱ ቢያይ «ቧንቧ ፈነዳ!» ብሎ መፍቻ ይዞ ነበር የሚሮጠው።

ፎቶው ሲመጣ እትዬ ዘርፌ ለቅሶዋን አቆመች።

«ማነው ይኸ?»

«ባልሽ ነዋ፣ እትዬ!»

«ኧረ በማርያም! እኔ እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም!»

«ለክብሩ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት እንኳ ትልቅ መምሰል አለበት። አንቺ ይኸን አታውቂም፤ ለእኔ ተይው።»

ሐዘን አድክሟት ተወችው። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። የምትጠብቀው አሣ አጥማጆቹን ነው። ጋሽ ወርዶፋ መረባቸውን ሲጠግንላቸው፣ የተነደለ ጀልባቸውን ሲደፍንላቸው የኖረ ነው። ዘመድማ ለወጉ ያለቅሳል። እነሱ ካላለቀሱለት ያ ሁሉ ማጎንበስ ምኑ ተለቀሰ?

መጡ። ከደሴቶቹ ሁሉ ተጠራርተው፣ «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ አባታችን!» እያሉ፣ ምድር እያንቀጠቀጡ ድንኳኑ በር ደረሱ። ፊት የነበረው ቀና ብሎ ፎቶውን አየ።

«ወይኔ ጋ...» አለና ዋጠው። ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ድንኳን ተሳስተን ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ባለሥልጣን ነበሩ መሰለኝ።»

ጓደኞቹን አዙሮ እንባውን እንደያዘ ወጣ። ከኋላ የሚመጡትንም «እዚህ አይደለም፣ የሌላ ሰውዬ ነው! የጋሼ ያ ማዶ ነው መሰል!» እያለ ይመልሳል። የገበያው ሴቶች ዞሩ። ባለባጃጆቹ ዞሩ። የጋሽ ወርዶፋ ሰው ሁሉ ሜዳውን ተሻግሮ ለማያውቀው ሰው ሊያለቅስ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት የእድሩ ሽማግሌዎችና ፏፏቴው ብቻ ሆኑ።

እትዬ ዘርፌ ይኸኔ ብድግ አለች። ከተነቀሉት የሠርግ ፎቶዎች ትልቁን አነሣች፤ መስታወቱን ፈታች፤ ሙሽራውንና ሙሽሪትን ወደ ኋላ አጠፈቻቸው። የቀሩት ሐይቁ፣ ጀልባዋና አበባዋ ናቸው። ሱፍ ለባሹን አውርዳ ይኸን ሰቀለች።

አቶ ልሳነወርቅ ዘለው ተነሡ።

«አበድሽ እንዴ? ይኸ እኮ... እትዬ፣ ይኸ እኮ ቂጥ ነው!»

«አውቀዋለሁ። የጣፍኩት እኔ ነኝ።»

«ቄሶቹ ሊመጡ ነው! በየትኛው አገር፣ በየትኛው ፕሮቶኮል ነው ፊቱ ላልታየ ሰው የሚለቀሰው? እስቲ ንገሪኝ፣ ለዚህ ማን ያለቅሳል?» ብለው ሊያወርዱት እጃቸውን ሰደዱ።

እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ቀብ አደረገቻቸው።

«ተው ልሳኔ! ፊቱንማ እኔም አጥግቤ ያየሁት የሠርጋችን ዕለት ነው፤ እሱንም ድግሱ ሳያልቅ ወንበር ልሰብስብ ብሎ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ሁሉ ልጆች መቼ ቀና ብሎ እንደወለደልኝ እግዜር ይወቅ! ለዚያ ከረባት ላሰረው ካዘንክ፣ ይዘኸው ሂድና ቤትህ አልቅስለት። እኔ የማለቅሰው ለማውቀው ነው!»

የእድሩ ዳኛ ሳቁን በጋቢው ሊያፍነው ሞከረ፤ አመለጠው። እሱ ሲያመልጠው ድንኳኑ በሙሉ አመለጠው። ሜዳው ማዶ የነበሩት አሣ አጥማጆች «ለቅሶ ቤት ምን ይሳቃል?» ብለው ዞር ቢሉ፣ ከዚያ ርቀት ቀዩ አበባ ታያቸው።

«አበባዋ! የጋሼ አበባ!» አለ ፊተኛው፣ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ አባታችን!»

ሜዳውን በሩጫ ተሻገሩት። የገበያው ሴቶች ተከተሉ፣ ባለባጃጆቹ ተከተሉ፣ ማዶ ያለው ለቅሶ ባዶውን ቀረ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ዝዋይ አይታ አታውቅም። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው መጨረሻ ላይ መሐረባቸውን አወጡ፤ ፕሮቶኮሉ ይፈቅድ አይፈቅድ ግን አልተናገሩም።

ሱፍ ለባሹ ፎቶ ደግሞ አልተጣለም። አሁን መዝናኛው እንግዳ መቀበያ ተሰቅሏል፤ «ባለቤቱን ጥሩልኝ!» ብሎ የሚጮህ እንግዳ ሲመጣ፣ እትዬ ዘርፌ የጀመረችውን መጥረግ ሳታቋርጥ በመጥረጊያዋ ታሳየዋለች፦ «ያውልህ ልጄ፣ እዚህ ቤት ቁጭ ብሎ የሚሰማህ እሱ ብቻ ነው።»