ደብሪቱና የለውዙ ቅርፊት

በድሮ ዘመን፣ ዛሬ የምናውቃቸው ወንዞች ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ በአንድ ቆላ አገር ወንድምና እህት ይኖሩ ነበር። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ ልጆቼ።

ወንድሙ ማንያዘዋል ይባላል። አፉ ጣፋጭ፣ እጁ ግን ሁልጊዜ ወደ ራሱ የሚሰበስብ ሰው ነው። እህቱ ደብሪቱ ዝምተኛ ናት። አንድ ነገር ስታይ ቶሎ አትፈርድም፤ ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ታስብበታለች።

አባታቸው ሲሞት ሰፊው የለውዝ ማሳ ለማንያዘዋል ደረሰው። ለደብሪቱ የደረሳት ከጎጆዋ ጀርባ ያለች ጠጠር የበዛባት ቁራጭ መሬት ናት። ማንያዘዋል ግን ያችንም ተመኛት።

በዚያ አገር መሬቱን ጦም ያሳደረ ሰው ለሚያርሰው ይለቅ ነበር። ስለዚህ ማንያዘዋል ወደ ሽማግሌው ወደ አባ ይመር ሄደ።

«የእህቴ መሬት ምንም አያበቅልም፤ ከእኔ ማሳ ጋር ይቀላቀል» አላቸው።

አባ ይመር ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «እስከሚመጣው በጋ እንያት። ያኔ ለምለም ነገር ካላገኘንባት ትወስዳታለህ» አሉት።

ደብሪቱ ይህን ሰማች። በሬ የላት፣ ፍግ የላት፣ ምን ታድርግ?

የለውዝ መከር ሲደርስ ማንያዘዋል መጣና፣ «እህት ዓለም፣ ለውዜን ፈልፍይልኝ። እኩል እንካፈላለን» አላት።

«እንዴት አድርገን አያ?»

«ውስጡ የእኔ፣ ውጪው የአንቺ!» አለና ሳቀ።

ደብሪቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። አምና ከአውድማው ዳር የተጣለ የቅርፊት ክምር ነበር። በዚያ ሐሩር በእግሯ ገፋ ስታደርገው ሥሩ ርጥብ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እሺ አያ» አለችው።

ጣቶቿ እስኪሰነጣጠቁ ፈለፈለች። ፍሬውን ለእሱ ሰፈረች፤ ቅርፊቱን በእንቅብ በእንቅብ ወደ ጎጆዋ አጋዘች።

መጀመሪያ ከቅርፊቱ ጥቂቱን ምድጃ ውስጥ ማገደችው። ቦግ ብሎ ነደደ፤ እንጨት ለቀማ ከመንከራተትም አረፈች። ማንያዘዋል ሲያልፍ አያትና፣ «ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«እያየሁ ነው አያ።»

ቀጥላ ከጭቃ ጋር አቡክታ የተሰነጠቀውን ግድግዳ መረገችበት። ቅርፊቱ እንደ ጭድ ሆኖ ጭቃውን ያዘው። «አሁንስ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያየሁ ነው አያ።»

በመጨረሻ ጠጠሩን ለቀመች፤ ቃሪያና ዱባ ተከለች። የቀረውን ቅርፊት ሁሉ እንደ ጋቢ መሬቱን አለበሰችው፤ የምድጃዋንም አመድ ነሰነሰችበት። «ኧረ አሁንስ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያየሁ ነው አያ።»

ማንያዘዋል ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዝናቡ መጣ፤ ግን ሳይጠገብ ቀረ። ፀሐይዋ ከረረች። የማንያዘዋል ማሳ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። የደብሪቱ ቃሪያ ቀን ቀን አንገቱን ይደፋል፣ ማታ ማታ ቀና ይላል። አንድ ቀን ቅርፊቱን ገለጥ አድርጋ እጇን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ይቀዘቅዛል! እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ደብሪቱ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ማንያዘዋል መንሹን ይዞ ገባ። ቅርፊቱን ጠራርጎ አጥር ሥር ወረወረው። መሬቱን ለፀሐይ አስጥቶ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ አባ ይመርና ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ነበር። ደብሪቱ እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ደርቃ ቆማለች።

«አላልኳችሁም? ይኸው ጠወለገ!» አለ ማንያዘዋል።

አባ ይመር ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተከል ሲያደርጉት ስምጥ አለባቸው። ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ። ጥቁር ነው፤ ርጥብ ነው፤ የበሰበሰ ቅርፊትና የምድር ትል ሞልቶበታል። ቅርፊቱ ባይገፈፍ ኖሮ ይህን ማን ያይ ነበር?

«ይህ ነው እንግዲህ ምንም አያበቅልም ያልከው?» አሉት። ከዚያ ወደ አጥሩ ሥር አዩ። «ይህንስ ልብስ ከላዩ ላይ የገፈፈው ማን ነው?»

ማንያዘዋል ተቁነጠነጠና፣ «ቅርፊቱ'ኮ የለውዜ ነው!» ብሎ አመለጠው።

ደብሪቱ ያን ጊዜ ድምጿን አገኘች። «አያ፣ ስፈለፍልልህ ውጪውን የአንቺ ብለህ ሰጥተኸኛል።»

አባ ይመር ፈረዱ። «መሬቱ የደብሪቱ ነው። አንተም የወረወርከውን አንድ ሳታስቀር ለቅመህ በእጅህ መልስ።»

ማንያዘዋል በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክኮ ለቀመ። ሲያለብስ ሲያለብስ እጁ አፈሩን ነካና ቀጥ አለ።

«ደብሪቱ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ይቀዘቅዛል'ኮ።»

አየችው። ፊቱ ላይ የሚሳቅበት ሰው እፍረት አለ፤ የደረቀው ማሳው ጭንቀትም አለ። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ግን አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ማሳህ እየሞተ ነው አያ። ነገ ሣር አጭደን እናለብሰዋለን» አለችው።

ከቅርፊቱም በእፍኟ ሰጠችው።

ልጆቼ፣ ማንያዘዋል የሰጠው የማይጠቅም መስሎት ነበር፤ ደብሪቱ ግን ከመጣሏ በፊት አየችው። እናንተም ነገርን ሆነ ሰውን ከመጣላችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ እዩ። እኔ የሰማሁትን አወረስኳችሁ፤ እናንተም ለሚሰማ አውርሱ።