ጌጡ ያወረዳቸው ሁለት ቆርቆሮዎች

በእኛ ሰፈር አከራይና ተከራይ በተጣሉ ቁጥር፣ ለማስታረቅ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚያመጣት አንዲት ተረት አለች። ሁሉም ይሰማታል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከየት መጣች ብለህ ብትጠይቅ "የጥንት አባቶች የተናገሯት ናት" ይሉሃል። አንድ የተማርኩ ነኝ ባይማ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ከነገሥታቱ ዘመን ስትወርድ ስትዋረድ የመጣች ናት ብሎ ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እጄን ባወጣ ዕድል የሚሰጠኝ የለም፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው በስብሰባ መሀል እጁን ቢያወጣ ሽንት ቤት ሊሄድ ነው ይሉታል እንጂ ሊናገር ነው አይሉትም። ተረቷ ግን የጥንት አይደለችም። መጀመሪያ ስትነገር እዚያው ነበርኩ፤ የወለዳትን ዝናብም ልብሴ ያውቀዋል።

እንጀራዬ ማመልከቻና ውል መጻፍ ነው። ከቀበሌው አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ እቀመጣለሁ። እኔ ራሴ ከሦስት ቤት ተባርሬአለሁ፤ አንደኛው አከራይ ልጄን ልድር ነው ብሎ፣ ሁለተኛው ሌሊት ትስላለህ ብሎ፣ ሦስተኛው ምክንያት መናገርም ሳያስፈልገው። ለአንዱም ቤት ወረቀት አልነበረኝም። ስለዚህ የሰው ውል ስጽፍ ቂሜን እየተወጣሁ ነው የምጽፈው፤ ቀዳዳ አልተውም።

ልብስ ሰፊዋ ይታይሽ ከጌጡ ቤት አንዱን ክፍል ስትከራይ ውላቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጌጡ ዳገቱ ላይ በረድፍ የተሠራ ረጅም ቤት አለው፤ ከታች በኩል ያለውን ክፍል ራሱና ሚስቱ ይኖሩበታል፣ ቀጥሎ ያለውን ያከራያል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ተከራይ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ኪራይዋን ትከፍላለች፤ ሳታስፈቅድ ግድግዳ አትነካም፣ ለሌላ ሰው አታከራይም። አከራይ ጣራውንና ግድግዳውን ይጠግናል፣ ተከራይዋን በሰላም ያኖራል፤ ክፍሉን ሲፈልገው ሁለት ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። እማኝ ሆነው የፈረሙት አባባ ሙህዬ ናቸው፤ ሰፈሩ ሲቆረቆር ጀምሮ የነበሩ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ሽማግሌ።

ጌጡ ሊፈርም ብዕሩን ይዞ ሳቀብኝ።

"ይኼ ሁሉ ለአንዲት ክፍል ነው? መሬት የሸጥኩ አስመሰልከው እኮ።"

"ለሁለታችሁም ይጠቅማል ጋሽ ጌጡ" አልኩት። ያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር።

"አይ አንተ፣ ይኼን የዶሮ ጭረትህን ማን ያነበዋል ብለህ ነው" አለና ፈረመ።

ሁለት ዓመት በሰላም ኖሩ። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን ፈልጎ ሲዞር ያቺን ክፍል አየና ወደዳት። ጌጡ በዚያው ቀን የይታይሽን በር አንኳኳ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ ከጎኗ እስከ መስኮቱ ድረስ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል። የሰፈሩ ወላጆች ለመስከረም የልጆቻቸውን ዩኒፎርም እንድትሰፋላቸው አምነው የሰጧት ጨርቅ ነው።

"እስከ ቅዳሜ ልቀቂልኝ" አላት ሳይቀመጥ።

"ጋሽ ጌጡ፣ ውላችን እኮ ሁለት ወር ይላል።"

"ውል ውል አትበይኝ። ቤቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"እንግዲያስ።"

"የእርስዎ አይደለም አላልኩም። ልቀቂ ብለው በጽሑፍ ይስጡኝ፣ ሁለት ወሩን እቆጥራለሁ። የልጆቹን ልብስ ጨርሼ፣ ክፍሉን ጠርጌ፣ ቁልፍዎን በእጅዎ አስረክቤ እወጣለሁ። አሁን በዚህ ዝናብ መኪናዬንና የሰው ጨርቅ ተሸክሜ የት እገባለሁ?"

"ነጋዴው ሁለት ወር አይጠብቀኝም።"

"እኔንስ ዝናቡ ይጠብቀኛል?"

ጌጡ ጀርባውን ሰጥቷት ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰፈሩ አናጢ ሄደና ጣራ እንዲያፈርስለት ጠየቀው። አናጢው "ተከራይዋ ወጥታለች?" አለው። "ትወጣለች" አለ ጌጡ። "እንግዲያው ስትወጣ ይጥሩኝ" ብሎ አናጢው ምሳሩን መሳል ቀጠለ። ጌጡ ደግሞ እምቢ ሲሉት የሚብስበት ሰው ነው። መሰላል ተዋሰ፣ ጉጠትና መዶሻ ያዘ፣ በዚያ ዕድሜው ራሱ ጣራ ላይ ወጣ።

"ጋሽ ጌጡ፣ ምን ጠፋብዎት እዚያ ላይ?" አለች ከማዶ አጥር ጎረቤቱ።

"ጣራ ላድስ ነው።"

"በነሐሴ? ይኼን ሙያ የት ተማሩት?"

"አንቺ ድስትሽን አማስይ።"

ሚስማሩን እየነቀለ ከይታይሽ ክፍል አናት ላይ ሁለት ቆርቆሮ አወረደ፤ አውርዶም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆለፈባቸው። እንግዲህ እያወቀ ያደረገው ነው። በር ቢነቅል ሌባ ይገባል ይባላል፣ ቢደባደብ ፖሊስ ይመጣል። ጣራ ከገለጠ ግን ዝናቡ ያስወጣልኛል፣ እኔ እጄ ንጹሕ ነው ብሎ አሰበ። ብዙ አከራይ እንዲህ ያስባል። እኔን ሦስተኛው አከራይ ያስወጣኝ ውሃ ቆርጦብኝ ነበር።

ይታይሽ እየሮጠች ጃንጥላዬ ሥር መጣች። አባባ ሙህዬን ከመንገድ ጠራንና ሦስታችን ዳገቱን ወጣን። በጆንያው ኮርኒስ አልፎ የገባው የፀሐይ ብርሃን አቧራውን እያሳየ ክፍሉን ወፍጮ ቤት አስመስሎታል። እሷ ጨርቁን በላስቲክ ሸፍና፣ መኪናዋን ጥግ አስይዛ ነበር።

"ጨርቁን ወደ እኔ ቤት እናሽሸው ልጄ" አሉ አባባ ሙህዬ።

"አይሆንም አባባ። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ካገኙት ቁልፍ ይቀይራሉ። እኔ ራሴ ወጣሁ ይባላል።"

አየህ፣ ይኼን ነገር የተማሩትም አያውቁትም። እሷ ታውቀዋለች።

ጌጡ መሰላሉን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አባባ ሙህዬ ቀረብ አሉት።

"ጌጡ፣ ምንድን ነው ያደረግከው?"

"የገዛ ቆርቆሮዬን ነው ያወረድኩ። ማን ይከለክለኛል?"

"ቤቱ ያንተ ነው፤ ማንም አልካደህም። ውስጡ ያለው ኑሮ ግን የእሷ ነው። እሱን በዚያ ወረቀት አከራይተሃታል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።"

"አባባ፣ እርስዎ ከዚህ ነገር ይውጡ። ይኼ ሰውዬ ነው" አለ ወደ እኔ በአገጩ እያመለከተ፤ "ይኼ ስምንተኛ ክፍል የወደቀ ሰውዬ ነው ሴትዮዋን ሕግ ያስጠናት።"

አልወደቅሁም፤ አቋረጥሁ እንጂ። ግን የዚያ ቀን ጉዳይ የእኔ አልነበረምና ብዕሬን አወጣሁ። ከዚያ ሰዓት ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም።

አቤቱታዋን እዚያው ደጃፏ ላይ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። ማህበራዊ ፍርድ ቤቱ ቅዳሜ እስከ ቀትር ይሠራል። ዳኛዋ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው፤ አቤቱታውን አንብበው ጉዳዩ የጣራ ስለሆነ ሰኞን አይጠብቅም አሉና ጌጡን በመልእክተኛ አስጠሩት። መጣ። ቆመ። ውሉን አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት። የዶሮ ጭረቴን አንድም ቦታ አልሳቱትም።

"ፊርማው የእርስዎ ነው?" አሉት።

"ነው፤ ግን ቤቱም የኔ ነው።"

"ኪራይ አስተጓጉላብዎት ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ክፍሉን አበላሽታለች? ሰው አስገብታለች?"

ጌጡ ትንሽ አሰበ። "መስኮቱን ቀለም ቀብታለች።"

"ሳታስፈቅድዎት?"

"አስፈቅዳኛለች።"

የችሎቱ ጸሐፊ ሳቁን በመዝገቡ ሸፈነ። ዳኛዋ ወደ ይታይሽ ዞሩ፤ "ሁለት ወሩ ሲሞላ ትለቂያለሽ?"

"በጽሑፍ ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ቆጥሬ እለቃለሁ። በአንድ ቀንም አላሳልፍባቸውም።"

"አቶ ጌጡ፣ ይኼን ይስሙኝ። ቤትዎን መልሰው የመውሰድ መብት አለዎት፤ መንገዱ ግን በወረቀት ነው፣ እምቢ ካለችም በዳኛ ነው። ተከራይ በጉጠት አይወጣም። ሁለቱን ቆርቆሮ ዛሬ ሳይመሽ በራስዎ ወጪ ይመልሱ።"

"ነገ ብመልስስ?"

"ዛሬ አልኩ።"

ስንወጣ ሰማዩ ጠቁሯል። ጌጡ ከፊታችን ይሄዳል፤ ቸኩሎ ሳይሆን እየተንጎማለለ። "ዛሬ ሳይመሽ ነው ያሉት። ገና ስድስት ሰዓት ነው" ይላል ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ ለእኛ ግን እንዲሰማ አድርጎ። ነገሩ ገብቶኛል። አንድ ዝናብ ይጣልባትና ከዚያ እመልሳለሁ ነው። ይታይሽ ነጠላዋን አጥብቃ ትሮጥ ጀመር። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሳለን ወረደ፤ ነሐሴ የሚያወርደው ዓይነት፣ ማዶ ያለውን ሰው የማያሳይ።

እየተንሸራተትን ደረስን። ይታይሽ በሯን ከፈተች፤ እኔ ጨርቁ አለቀለት ብዬ ነበር። ከኮርኒሱ ስፌት መጋጠሚያ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ አንድ ሳፋና አንድ ባልዲ በቂ ነበሩ። ላስቲኩ ሥር ጨርቁ ደረቅ ነው። ሁላችንም አንጋጠን አየን፤ ውሃው የት ገባ?

መልሱ ከግድግዳው ማዶ በጩኸት መጣ።

ጌጡ ያን ቤት ሲሠራ የሁለቱን ክፍል ኮርኒስ ለየብቻ አላሰፋውም። ጆንያውን አንድ ላይ አሰፍቶ፣ በላዩ ላስቲክ አንጥፎ፣ ከእሷ ክፍል ጀምሮ በግድግዳው አናት አሳልፎ እስከ እሱ መኝታ ድረስ እንደ አንድ አንሶላ ወጠረው። ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነው፤ ቁልቁሉ ወደ እሱ ነው። በእሷ አናት የገባው ዝናብ ሁሉ በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ወርዶ፣ ከጌጡ አልጋ በላይ እንደ ላም ጡት ተንጠለጠለ፣ ከዚያም ተቀደደ።

ሚስቱ አስካለ ከነቀሚሷ ረጥባ ደጃፉ ላይ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው? ቤቱ ወንዝ ሆነ እኮ።"

ጌጡ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ።

"ጠዋት ጣራ ላይ ምን ታንኳኳለህ ስልህ የእሷን ነው አልከኝ። ይኼ የእሷ ነው?"

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስቱንም አከራዮቼን በዚያ አልጋ ላይ አስተኝቼ አየኋቸው። ይታይሽ ግን አልቆመችም። ገብታ የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች፤ "እትዬ አስካለ፣ በዚያ በኩል ያንሱልኝ፤ በእኔ ክፍል ደረቅ ጥግ አለ" አለች። ሁለቱ ሴቶች ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ተሸክመው ወደ ተከራይዋ ክፍል አሻገሩ። ጌጡ ሲያያቸው ቆይቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተና ቆርቆሮዎቹን አወጣ።

"መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው አለ?" አለ ማንንም ሳያይ።

ከአባባ ሙህዬና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው። ያዝኩለት፤ ወድጄ ግን አይደለም። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ እየገባ፣ እሱ ሚስማር እየመታ፣ እስኪጨርስ ድረስ ያዝኩለት። ሲወርድ "እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። ከሱ አፍ ምስጋና ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ነጋዴው ሌላ መጋዘን አገኘ። ይታይሽ የመጨረሻውን ዩኒፎርም ጳጉሜን ላይ አስረከበች። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጆቹ ሰማያዊ ለብሰው በፊቴ ሲያልፉ፣ ጌጡና ይታይሽ አባባ ሙህዬን አስቀድመው ጃንጥላዬ ሥር መጡ።

"አዲስ ውል ጻፍልን" አለ ጌጡ፤ "የአንድ ዓመት።"

"እንደ በፊቱ ላድርገው?"

"እንደ በፊቱ። ሁለት ወሩንም ጻፈው፣ ጥገናውንም ጻፈው። አንብብልኝና ነው የምፈርመው።"

አነበብኩለት፤ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ፈረሙ። ከኋላቸው ደግሞ ሁለት የሰፈሩ ተከራዮችና አንዲት አከራይ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ፤ በሰፈራችን ለቤት ኪራይ ሰው ተሰልፎ ውል ሲያጽፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ። ብዕሩን ለእማኙ ለአባባ ሙህዬ ሰጠሁና "የቀረ ነገር አለ አባባ?" አልኳቸው።

እሳቸው በእጃቸው ያለችውን ብዕር ትንሽ አዩዋት፣ ቀጥሎ ጌጡን አዩት፣ ጌጡም ምን እንደሚመጣ የገባው ይመስል ፈገግ አለ፤ "ሕጉን ዳኛዋ ነግረውታል፣ አንተም ጽፈኸዋል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ለማያነብ አከራይ የምነግረው ይኼን ነው" አሉ አባባ ሙህዬ፤ "በሰው ላይ ጣራ የገለጠ፣ ክረምትን ባልጋው አስቀመጠ።"