የመሃሉ ምሰሶ

አንድ የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ ጥላዬ ይባላል። አንድ ጊዜ እርጥበት የነካው ሲሚንቶ ሳያውቅ ሸጦ ኖሮ፣ ነገሩን የደረሰበት ቀን ቤት ለቤት እየዞረ "እንዳትገነቡበት" ብሎ መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው "ጥላዬ ካለ አለቀ" ይል ጀመር።

ያቺ ከተማ አንድ መከራ ነበረባት። ገበያው ከወንዙ ወዲህ፣ ገበያተኛው ከወንዙ ወዲያ ነው። ወንዙ በየክረምቱ ሲሞላ አንድ ሁለት ሰው ሳይወስድ አያልፍም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጥላዬ ደጅ ሄዱና "ለራስህ ሠርተህ አሳየኸን፤ አሁን ደግሞ ለእኛ ሥራልን" አሉት። ተመረጠ፤ ከንቲባም ሆነ። በሹመቱ ቀን "የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ድልድይ ይኖራችኋል" ብሎ በአደባባይ ቃል ገባ።

የግንበኞቹ አለቃ ጋሽ ዱባለ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ከድንጋይ ጋር ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ለምረቃው ሁለት ሳምንት ሲቀር እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ከንቲባው ቢሮ ገቡ።

"ክቡር ከንቲባ፣ የመሃሉ ምሰሶ አሳስቦኛል። ስንቆፍር ውሃው አስቸግሮን ቋጥኝ አገኘን ብለን አቆምነው። ዛሬ ሥሩን በብረት ብወጋው አሸዋ ነው።"

"ማስተካከል ይቻላል?"

"ይቻላል። ግን ድልድዩ ይህን ክረምት ሳይከፈት ይከርማል።"

ጥላዬ ቀን መቁጠሪያውን አየ። የጥሪው ካርድ ተበትኗል፤ ከዋናው ከተማ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ለአገሪቱ ምክር ቤት ሊታጭ እንደሆነም ሹክ ብለውታል።

"ይመረቅና በጋ ሲሆን እናጠናክረዋለን" አለ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፣ ልጄ" ብለው ሽማግሌው ወጡ።

ድልድዩ በእልልታ ተመረቀ። የጥላዬም ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ መግቢያው ላይ ቆመ። በዚያው ዝና የሕዝብ ተወካይ፣ ብዙም ሳይቆይ ሚኒስትር ሆነ። በጋው መጣ፤ ሄደ። ምሰሶውን ለማጠናከር፣ ለምን እንደሚጠናከር መናገር ግድ ነበር። ያንን መናገር አቃተው።

ከዚያ ወዲያ ነፍሱ አልረጋ አለች። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ከስብሰባው መሃል ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሸሻል። ወደ ከተማው ይደውላል።

"ወንዙ እንዴት ነው?"

"ሰላም ነው፣ ክቡር ሚኒስትር" ይለዋል አዲሱ ከንቲባ።

"ድልድዩስ?"

"የእርስዎ ስም ያለበት ድልድይ ምን ይሆናል!"

መልሱ ባማረ ቁጥር ስጋቱ ይብሳል። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ "ማዕድ ቀርቦልህ ሰማይ ሰማይ የምታየው ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ምንም" ይላታል።

በሦስተኛው ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አላስችል ቢለው ለጋሽ ዱባለ ደወለ። ከምረቃው ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም ነበር።

"ምሰሶው ተሰንጥቋል" አሉ ሽማግሌው፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። "እጄ ይገባበታል። ሰው እንዳያልፍ ገመድ ወጥሬ ነበር፤ የሚኒስትሩን ስም ታጠፋለህ ብለው ደንብ አስከባሪዎች ቆረጡት። ነገ ገበያ ነው፣ አንተ ልጅ።"

ጥላዬ ወዲያው ለከንቲባው ደወለና ድልድዩን እንዲዘጋ አዘዘው።

"በምን ምክንያት ልበል፣ ክቡር ሚኒስትር?"

"ለጥገና በል።"

"በገበያ ቀን? ሕዝቡ ይነሳብኛል። ምክንያቱን በደብዳቤ ይላኩልኝና እዘጋለሁ።"

ደብዳቤ ሰኞ ነው የሚደርሰው። ጥላዬ ኮቱን አንስቶ ወደ መኪናው ሮጠ።

ቅዳሜ ማለዳ ድልድዩ መግቢያ ላይ ደረሰ። ወንዙ ደፍርሶ ያገሳል። ገበያተኛው እህሉን በአህያ፣ ዶሮውን በእጁ ይዞ መሻገር ጀምሯል። ጥላዬ እጆቹን ዘርግቶ ሊያስቆማቸው ወደ መሃል ገባ። ያን ጊዜ አንዱ አወቀውና "ጥላዬ መጣ! ሚኒስትሩ ሊጠይቀን መጣ!" ብሎ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ። ከወዲህም ከወዲያም ሰው እጁን ሊጨብጥ እየሮጠ ድልድዩ ላይ ወጣ። ጥላዬ ወለሉ ከእግሩ ሥር ሲርድ ተሰማው።

"ተመለሱ!" አለ። የሰማው የለም። የጠርዙን ግንብ ተንጠላጥሎ ወጣና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"ምሰሶው መሠረት የለውም! አውቄ ነው ያስመረቅሁት! አታልያችኋለሁ!"

እልልታው ተቋረጠ። ቅቤ በቅል የያዘች ሴት ቀና ብላ አየችው።

"ሦስት ዓመት ልጆቼን በዚህ አመላልሻለሁ። አውቀህ ነው?"

"አውቄ ነው፣ እናቴ።"

ሴትየዋ ምራቋን ትፍ ብላ ፊቷን አዙራ ከድልድዩ ወረደች። የቀረውም ሰው እየተሳደበ ተከተላት። አንዳንዱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ። ሌላው "ሥልጣን አናቱ ላይ ወጥቶ ነው" አለ። ጋሽ ዱባለ ግን ከዳር መጥተው ገመዳቸውን መልሰው ወጠሩ።

ድልድዩ ግን አልወደቀም። ቅዳሜ ቆመ፤ እሑድም ቆመ፤ ሰኞም ቆመ። ጥላዬ ከሹመቱ መነሳቱ በሬዲዮ ተነገረ። ያረፈበት የዘመዶቹ ቤት በር ላይ ሰው እየቆመ ይሰድበዋል። "ባይወድቅስ?" እያለ ተጨነቀ። ከዚያ ብሶ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ እውነት መሆኑ እንዲታይለት ድልድዩ እንዲወድቅ እየተመኘ መሆኑን ደረሰበትና የገዛ ልቡን ፈራ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዱባለ መጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ወደቀ" አሉ።

ጥላዬ ከተቀመጠበት ተነሳ። "ሰው ነበረበት?"

"አንድም።"

ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አላለቀሰም፤ አልሳቀም። በዚያው በተቀመጠበት እንቅልፍ ወሰደው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አልብሰውት ሄዱ። በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ "ጥፋተኛ ነኝ" አለ፤ የተፈረደበትንም ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመረጠው፤ እሱም ምረጡኝ አላለም።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋን ስህተታችን ብቻ አይደለም። ስህተታችን ላይ የሚጨበጨብልን ጭብጨባም ነው። በተጨበጨበልን ቁጥር እውነቱን ለመናገር የምንከፍለው ዋጋ ይንራል፤ ዋጋው ቢንርም ግን ከሰው ነፍስ አይበልጥም። እናንተስ፣ ሰዎች አምነው ሲመላለሱበት እያያችሁ ዝም ያላችሁት ነገር የለም?