መምህር ያማረጠው የጨው ነጋዴ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። በቅሎ በመምረጥ የሚያህለው አልነበረም። ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን፣ አረማመዷን አይቶ ጠባይዋን ይናገራል። የገበያ ሰዎች ደግሞ፣ “ጓንጉል እኮ ጅራቷን አይቶ እናቷ ማን እንደሆነች ይነግርሃል” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሚስቱ አትጠገብ ትባላለች። ብዙ ዓመት ጠብቀው ያገኟት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሟ ስንዱ ነው።

ስንዱ ለፍላፊ ነበረች። ከእንቅልፏ ስትነሳ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ትናገራለች፣ ያላየችውን ሁሉ ትጠይቃለች። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ ሳይጨርስ ስለ ዶሮዋ ትነግረዋለች። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ያደክመኛል ይላል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት አይቀዘቅዝም። ጓንጉልም እንደኔው ነበር። “ይቺ ልጅ ማንበብ ብትችል ምን ልትሆን ነው!” ይል ነበር፣ ዓይኑ እያበራ። በከተማው ለትንሽ ሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ስላልነበረ እቤቷ ሆና ፊደል እንድትቆጥር ከሚስቱ ጋር ተስማሙ።

መጀመሪያ የመጡት መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ። አረጋዊ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ አካሄዳቸው ዝግ ያለ። የፊደል ገበታ ይዘው አልመጡም። አጥሩ ሥር ከስንዱ ጋር ተቀመጡና፣ “ዛሬ ምን አየሽ?” አሏት።

“ዶሮዬ የጎረቤት ድመት አባረረች!” አለች ስንዱ።

“ጎበዝ ዶሮ ናት። እስቲ ዶሮ ስትዪ አፍሽ መጀመሪያ ምን ይላል? ቀስ ብለሽ አድምጪው።”

“ዶ… ዶ!” ብላ ጮኸች። እሳቸውም በጣታቸው አፈሩ ላይ ዶን ጻፉላት። እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። ስንዱ መሪጌታ ሲመጡ በር ድረስ ሮጣ የምትቀበላቸው ሆነች።

ጓንጉል ግን ልቡ አላረፈም። አንድ ቀን ገበያ ላይ ደባልቄ የሚባል የሙያ ባልደረባው፣ “የኔ ልጅ ሀ ሁን ከዳር እስከ ዳር ያወርደዋል። ያንተዋስ?” አለው። ጓንጉል ምን ይበል? “የኔዋ ስለ ዶሮዋ ታወራለች” ይበል? አፈረ። ቤቱ ሲደርስ መሪጌታን በትሕትና አመሰገነና፣ “ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም” ብሎ አሰናበታቸው። እሳቸውም ኩታቸውን ደርበው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ማማረጡ የመጣው። የደባልቄን ልጅ ያስተማሩት ድምፀ መረዋ መምህር ተጠሩ። እሳቸው ፊደሉን ወደ ጎን እያዜሙ ነው የሚያስተምሩት። ስንዱ ዜማውን ልትለምድ ስትል የአትጠገብ ወንድም መጣና፣ “ወደ ጎን? ወደ ታች ነው እንጂ!” አለ። ወደ ታች የሚያስተምር ሌላ ሰው መጣ። እሱን ደግሞ አንዲት አክስት አጣጣለችውና ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ በአቡጊዳ የሚያስቆጥር ሰው ተተካ። ቀጥሎ ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ ሥዕል የተሳለባቸው ካርዶች የያዘ ጎልማሳ ታየ። ጓንጉል ሥዕሎቹን ሲያይ በደስታ እጁን አጨበጨበ። ከሰነበተ በኋላ እሱም ተሸኘ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከነዚህ ሰዎች አንዳቸውም መጥፎ አልነበሩም። እያንዳንዳቸው በያዙት መንገድ ስንቱን ልጅ አንባቢ አድርገዋል። ችግሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሲመጣ፣ “እስካሁን የተማረችውን ትርሳው፤ ከሀ እንጀምራለን” ይላል። ምስኪኗ ስንዱ ሀን ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ በዜማ፣ በሥዕል ጀመረች። ለ ላይ የምትደርስበት ቀን ግን ጠፋ።

ቀስ በቀስ ልጅቷ ዝም አለች። እንግዳ ሲመጣ ስለ ዶሮዋ መናገር ተወች። የአጥሩ በር ሲንኳኳ ደግሞ ትሰወራለች። እናቷ ከጓሮ እስከ ጎረቤት ፈልጋ ፈልጋ በመጨረሻ ባዶው ጎተራ ውስጥ አገኘቻት። ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ገለባ ፀጉሯ ላይ ተሰክቷል።

“ምነው ልጄ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

ስንዱ ቀና አለችና፣ “እማዬ፣ ነገም ሀ እንደ አዲስ ትጀመራለች?” አለች።

አትጠገብ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ልጄ ማንበብ ሳትችል ትቀራለች የሚለው ሐሳብ ያን ያህል አላስፈራትም። ያስፈራት ያ ለፍላፊ አንደበት እንደተዘጋ እንዳይቀር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓንጉል ለመንገድ ሲዘጋጅ ከደጅ ጩኸት ተሰማ። የሚወዳት ዳማ በቅሎ ጀርባዋ ገጥቧል። ጫኙ፣ ጎልማሳና ታማኝ ሰው ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

“ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የገጠበችው?” አለ ጓንጉል።

“ጌታዬ፣ ክፉ አስቤ አይደለም። ለሷ ብዬ ነው። የተሻለ ኮርቻ ባየሁ ቁጥር እየቀየርኩላት ነበር።”

“የተሻለ!” ጓንጉል የያዘውን የዝንብ ጭራ ወደ ሰማይ ወረወረው። “አንተ ሰው፣ ዛሬ እዚህ ጋ ይነካታል፣ ነገ እዚያ ጋ ይነካታል፤ ጀርባዋ የትኛውን ይልመድ? ለሷ የሚስማማትን አንድ ደህና ኮርቻ ያዝና በሱው ጫን! ከጠበቀ አላላው፣ ከላላ አጥብቀው። በየጊዜው ማውጣትና መጣል ምን አመጣው? ኮርቻ የሚመረጠው ገበያ ላይ ስላማረ ሳይሆን ለበቅሎዋ ጀርባ ነው!”

አትጠገብ ስንዱ ጩኸቱን ሰምታ ዳግም ወደ ጎተራው ስትሮጥ አይታለች፤ አሁን በሩ ላይ ቆማ ባሏን ትሰማለች። ባሏ ትንፋሽ እስኪወስድ ጠበቀችና፣ “እንዴት ያለ ፍርድ ፈረድክ፣ ጓንጉል!” አለችው።

“ምን ፍርድ?”

“ና እስቲ ጎተራውን ክፈተው።”

ጓንጉል ግራ ገባው። እህል የሌለበትን ጎተራ ምን ሊያደርግ ይከፍታል? ሄዶ ከፈተው። ብርሃኑ ሲገባ ስንዱ ዓይኗን ጨፈነች። የቆመውን ሰው አላወቀችውም፤ አዲስ መምህር የመጣ መሰላት። ገና ሳትጠየቅ በቀጭን ድምፅ፣ “ሀ” አለች።

ጓንጉል በረሃ ያቋረጠ፣ ሽፍታ የገጠመው ሰው ነው። ያን ቀን ግን ጎተራው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። ልጁን ስቦ አወጣትና ገለባውን ከፀጉሯ ለቀመላት። ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ቢዘገይም፣ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቀ።

“ስንዱዬ፣ ከመጡት ሁሉ ማን ይሻልሻል?”

ስንዱ አላሰበችበትም። “ዶሮዬን የሚያውቋት!” አለች።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። መሪጌታ ልሳነወርቅን ያሰናበታቸው እሱ ራሱ ነው። በምን ፊቱ ይሂድ? ስለዚህ በአገሩ ደንብ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በማለዳ መሪጌታ ደጃፍ ላይ ተሰለፉ። “ተቀመጡ” ሲባሉ፣ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ።

የመሪጌታ ባለቤት ይህን ስታይ ልቧ ዘለለ። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ አለቻት። ልጅቷን በእጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገፋቻትና፣ “አባቶቼ፣ የኛዋ ገና ልጅ ናት፤ ለጋብቻ አልደረሰችም!” ብላ ከውስጥ ጮኸች።

ትልቁ ሽማግሌ ሳቁን በኩታው ጫፍ ሸፈነ። “አይዞሽ ልጄ፤ እኛ ሴት ልጅ ልንጠይቅ አልመጣንም። ሴት ልጅ ልንሰጥ ነው የመጣነው። የጓንጉልን ልጅ መሪጌታ መልሰው ያስተምሩልን። አባቷም አጥፍቻለሁ ይላል።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። መሪጌታም የተቀየሙ እንደሆን ቂማቸው ከሳቁ ጋር አብሮ ወጣ። ቢሆንም አንድ ነገር አስጠነቀቁ። “እኔ ዝግ እላለሁ። ጓንጉል የሌላ ሰው ልጅ ምን ላይ ደረሰ እያለ ከገበያ የሚያመጣውን ወሬ በሩ ላይ አራግፎ ይግባ።”

ጓንጉል እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን አበሳውን አሳየው። መሪጌታ አሁንም “ዛሬ ምን አየሽ?” ይላሉ። ስንዱ አሁንም ታወራለች። ቆይተው ግን ያወራችውን በለሰለሰ ጣውላ ላይ በከሰል ይጽፉላት ጀመር። ከየቃሉ አንድ አንድ ድምፅ እየነጠሉ ያሰሟታል፤ ድምፁን ከፊደሉ ጋር ታጋጥማለች። የገበታው ተራ ደግሞ በየመሐሉ እንደ ጨዋታ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጓንጉል ጥርሱን ነክሶ ታገሠ።

አንድ የገበያ ቀን ደባልቄ እየሮጠ መጣ። “ጓንጉል! አንድ ሰው መጥቷል፤ በአንድ ሳምንት አስነብባለሁ ይላል! ሰው ሁሉ ተሰልፎለታል። ቶሎ ካልደረስክ ታጣዋለህ!”

በአንድ ሳምንት! የጓንጉልን እግር አሳከከው። ወደ ሰውዬው ጥቂት ተራመደ፣ ቆመ፣ እንደገና ተራመደ። ዳማዋ በቅሎ ልጓሟ እጁ ላይ ነበርና እሷም አብራው ትራመዳለች፣ ትቆማለች። ጀርባዋን አየው፤ ቁስሉ ድኖ ጠጉር አብቅሏል። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ ደባልቄ፤ እኛ ይዘናል” አለና ወደ ቤቱ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ግን መንገዱን ሙሉ ሲብሰለሰል ነው የሄደው። “ዛሬስ መሪጌታን ሳልጠይቃቸው አልቀርም” እያለ ገባ።

ስንዱ አጥሩ ሥር ጣውላውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። መሪጌታ አጠገቧ ሆነው ያዳምጧታል። ጣቷን እያስኬደች፣ አንዳንዴ እየተሰናከለች፣ ተመልሳ እያነሳች ታነባለች።

“አ… አባባ በቅሎ ላይ ሆኖ ይ… ይዘፍናል። ድም… ድምፁ ጥሩ አይደለም። ግን ስሰማው እሮጣለሁ።”

ጓንጉል ባለበት ደረቀ። “ማን ነው እንዲህ ያለው?”

“እኔ!” አለች ስንዱ። “እኔ ተናገርኩ፣ የኔታ ጻፉት፣ እኔው አነበብኩት!”

ነጋዴ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሳይመረምር አይቀበልም። በቃሏ አጥንታው ይሆን ብሎ ጠረጠረ። ከሰሉን አነሳና በዚያ በተጣመመ የእጅ ጽሑፉ አንድ ማንም ያልነገራት ቃል ጻፈ። ስንዱ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

“ጨ… ው። ጨው! አባባ፣ ጨው!”

ጓንጉል ሳቀ፤ ዕንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ሳቀ። መሪጌታ ሳቁ፣ አትጠገብ ከቤት ሮጣ ወጥታ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። “ሌላ ጻፍ!” አለች ስንዱ። ጻፈ፤ አነበበች። “ሌላ!” ጣውላው እስኪጠቁር፣ ከሰሉ እስኪያልቅ ጻፈ። ምሳ ቀርቦ ቢጠሩ ማንም አልመጣ አለ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የልጅ ማስተማሪያ እንደ ልብ ነው። መጽሐፉ፣ ካርዱ፣ የስልኩ መተግበሪያ፣ በየቀኑ “ከሁሉም የኛ ይሻላል” የሚለው ማስታወቂያ። አብዛኛው ደህና ነው፤ ልጅን በጤናማ መንገድ የሚያደርስም ሞልቷል። ልጅን የሚያደክማት የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ ትንሽ በሄደች ቁጥር ወደ መነሻዋ መመለሷ ነው። ለልጃችሁ ጠባይ የሚስማማውን ፈልጉ። ፊደሉን ከድምፁ፣ ድምፁንም ከገዛ ወሬዋ ጋር የሚያገናኝላትን ምረጡ። ከዚያ ታገሡ። ሲጠብቅ አላሉት፣ ሲላላ አጥብቁት እንጂ የጎረቤት ልጅ ስለቀደመ ብላችሁ አትጣሉት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ስንቱን ሰው አማክራችኋል? ከነዚያ ሁሉ መካከል የምትማረዋ ልጅ አለችበት?