ሰዓት ሠሪው፣ ትንሿ መኪናና የብረቱ ክንፍ

አንድ ሰዓት ሠሪ ነበር። ስሙ ተካልኝ ይባላል። ከአንዲት የቆላ ከተማ ገበያ ዳር፣ ከመስታወት ሣጥኑ ኋላ ተቀምጦ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲጠግን ኖሯል። ረጋ ያለ፣ መምጣት መሄዱ የማይሰማ ሰው ነው። ሆኖም ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ምኞት በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ፈጣን መኪና መንዳት። ሰው ይስቅብኛል ብሎ ስለሚፈራ ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን ማረፍ ካቆመበት ወዲህ የተረሳ የአስፋልት ሜዳ አለ። በዋናው መንገድ ላይ በመኪና የሚበር ሰው እየበዛ አደጋው ሲያስቸግር፣ የከተማው ሽማግሌዎች መከሩና ሜዳውን አስጠረጉት። በርሜልና አሮጌ ጎማ አስደርድረው ኩርባ አበጁለት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጨረሻ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መኪና ያለው ሁሉ የራስ ቁር አጥልቆ እንደ ልቡ ይነዳበታል። ውድድር ስላልሆነ አሸናፊም ሽልማትም የለም። ሰው የሚፈትነው የራሱን ችሎታ ብቻ ነው።

ተካልኝ ይህን በሰማ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ጨክኖ ለባለቤቱ ለእታፈራሁ ምኞቱን ነገራት። እሷም፣ "ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅተሃል፤ ላንተም አንድ ነገር ይገባሃል። ግዛ" አለችው። "ግን አንድ ጊዜ ነው። ይቺ ከተሰበረች ሁለተኛ የለንም፤ ይህን ዕወቅ።" እውነቷን ነው። ያጠራቀመው አንድ ርካሽ መኪና ለመግዛትና ለማዘጋጀት ብቻ የሚበቃ ነበር።

ተካልኝ ጋሽ ይግለጡን ይዞ ደላላ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ይግለጡ የከተማው መኪና ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ እጃቸው መድኃኒት፣ አፋቸው ኮሶ። ደላላው ሁለት የስፖርት መኪኖች አሳያቸው። አንደኛዋ ቀይ ናት፤ ሞተሯ ትልቅ፣ ስትነሳ ደረት የምታርገበግብ፣ ዋጋዋም የሚያስገርም ርካሽ። ሁለተኛዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀለሟን ፀሐይ የበላው ትንሽ ነጭ መኪና ናት። ተካልኝ ዓይኑን ከቀይዋ መንቀል አቃተው።

"የጎማዋን ዋጋ ጠይቀሃል?" አሉት ጋሽ ይግለጡ።

"አልጠየቅሁም፣ ጋሼ።"

"መለዋወጫዋስ ከየት ነው የሚመጣው?"

ተካልኝ የቀይዋን ኮፈን በእጁ ዳሰሰ።

"ልጄ፣ መኪና የምትገዛው በአንድ ቀን ነው፤ የምትቀልባት ግን ዕድሜህን ሙሉ ነው። ይቺ ቀይ በመጀመሪያው እሁድ ጎማ ትበላለች፤ በሁለተኛው ፍሬን ትበላለች፤ በሦስተኛው አንተን ትበላሃለች።"

ከዚያም ከነጭዋ ሥር በጀርባቸው ገብተው፣ ብረቷን በካቻቪቴ እያንኳኩ ዝገት ሲፈልጉ ቆዩ። ሲወጡ ቱታቸውን እያራገፉ፣ "ብረቷ ጤነኛ ነው። ክብደት የላትም። መለዋወጫዋ በየሱቁ ሞልቷል። ሞተሯ ደከም ያለ ነው፤ ለጀማሪ ግን እሱ ይሻላል፤ ስትሳሳት ቀስ ብላ ትነግርሃለች" አሉ። ተካልኝም ቅር እያለው ነጭዋን ገዛ።

"አሁን በእጅህ የቀረውን ሌላ ነገር ላይ እንዳታውለው" ሲሉ አስጠነቀቁት። "አዲስ የፍሬን ሸራ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ አራት ደህና ጎማ። ውስጧን ደግሞ ባዶ አድርጋት፤ ለመንዳት የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ይውረድ። የዛሬ ሳምንት ይዘሃት ና።"

በዚያ ከተማ ግን አንድ ልማድ አለ። አዲስ ንብረት ያገኘን ሰው ማንም ባዶ እጁን "እንኳን ደስ ያለህ" አይለውም። ቤት ለሠራ ምንጣፍ፣ መኪና ለገዛ ጌጥ ይዞ ይመጣል። ስጦታው ደግሞ ተደብቆ አይቀመጥም፤ ሰጪው ሌላ ቀን ብቅ ሲል በቦታው ሆኖ ሊያየው ይፈልጋል። እናም ዝምተኛው ሰዓት ሠሪ የስፖርት መኪና ገዛ ሲባል፣ የገበያው ዳር ሰዎች ከልባቸው ደስ ብሏቸው ተግተልትለው መጡ። ልብስ ሰፊው ዘርፍ ያለው የከፈይ የወንበር ልብስ ሰፋለት። ሬዲዮ ጠጋኙ በር የሚያህሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አመጣ። የልጅነት ጓደኛው መርዕድ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከቱቦና ከላሜራ ትልቅ የብረት ክንፍ ሠርቶ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተሸክሞ መጣ። "ለኋላዋ ነው" አለ ላቡን እየጠረገ። "እንደ እውነተኛ የእሽቅድምድም መኪና ትሁንልህ።"

ተካልኝ የጋሽ ይግለጡን ቃል አልረሳም። ግን እንዴት አድርጎ እምቢ ይበል? ሰውየው ወባን፣ ድህነትንና የልጆችን የትምህርት ቤት ወጪ ችሎ፣ ይሉኝታን መቻል ያልሆነለት ሰው ነው። ሰጪዎቹም በየቀኑ ጎራ እያሉ፣ "አልገጠምከውም እንዴ?" ይሉታል። ክንፉን ለመሸከም የኋላው ክዳን በብረት መጠናከር ነበረበት። ድምፅ ማጉያዎቹም ተጨማሪ ባትሪ ጠየቁ። እንዲህ እንዲህ እያለ የፍሬኑ ብር አለቀ፤ የጋሽ ይግለጡ ቀጠሮም አለፈ። ተካልኝም፣ "ከተማ ውስጥ ስረግጠው እኮ ይይዛል፤ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል" እያለ ራሱን አጽናና።

እሁድ ደረሰ። ትንሿ መኪና ከነክንፏ ስትገባ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላት፤ ፎቶ ያላነሳት የለም። መርዕድ በሰው መሐል ቆሞ በኩራት ፊቱ ፈካ። ተካልኝ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች በደስታ ነዳ። በአምስተኛው ዙር፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ ፍሬኑን ረገጠ። ምንም አልያዘም፤ እግሩ እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። መኪናዋ የተደረደሩትን ጎማዎች በትና፣ ከአስፋልቱ ወጥታ ከአንድ ገበሬ የሽምብራ ማሳ መሐል ገብታ ቆመች። የፊት ፓራውልቷ ከመሰበሩ በቀር የከፋ ነገር አልደረሰም። ተካልኝ ግን መሪውን እንደጨበጠ ከመኪናዋ ሳይወርድ ቆየ። የእታፈራሁ ቃል በጆሮው ይጮህ ነበር፤ ፈራ፣ ከፍርሃቱም ይልቅ አፈረ።

የሜዳው አስተባባሪ መጥቶ፣ "ለዛሬ እግዜር አውጥቶሃል። ሁለተኛ እንዲህ ከወጣህ ግን ወደዚህ ሜዳ አናስገባህም" አለው። ሰውየው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ነው።

መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ጋሽ ይግለጡ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ከፍተው አዩ፤ ዘይቱ እንደ ሻይ ጠቁሯል። "ይህ ሁሉ ጭነት ሲጎትተው ሞቆ ፈልቷል" አሉ። ከዚያ ክንፉን፣ ከፈዩንና ድምፅ ማጉያዎቹን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱ። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል አልሰማህም? ለምን በቀጠሮህ አልመጣህም?"

"ወዳጆቼ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"እና ሽምብራው ውስጥ ስትገባ የትኛው ወዳጅህ ነው ፍሬን የረገጠልህ?"

ተካልኝ አቀረቀረ። ሽማግሌውም ድምፃቸውን አለዘብ አድርገው፣ "ብሎኑን እኔ እፈታልሃለሁ። ስጦታውን ለየባለቤቱ መመለስ ግን ያንተ ሥራ ነው" አሉት።

በማግስቱ ተካልኝ ስጦታዎቹን በጋሪ ጭኖ በየበሩ ዞረ። ልብስ ሰፊው ሳቀና ከፈዩን ለቤቱ ሶፋ አለበሰው። ሬዲዮ ጠጋኙ ለአፉ ያህል ቅር እንዳለው ቢናገርም ድምፅ ማጉያዎቹን በዚያው ሳምንት ሸጣቸው። መጨረሻ ላይ መርዕድ ሱቅ ደረሰ። መርዕድ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ክንፉን አየ፤ ጓደኛውን ቀና ብሎ አላየውም።

"ሥራው አላማረህም?"

"ሥራህ ግሩም ነው። መኪናዋ ግን አትችለውም። የመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ሲገባኝ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

 መርዕድ መነጽሩን አውርዶ ብየዳውን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተካልኝ ሱቅ ፊት ሲያልፍ ሰላምታ ነሳው። አርባ ዓመት የዘለቀ ጓደኝነት ነውና ተካልኝን ምግብ አልበላ አለው። አንድ ቀን ለእታፈራሁ፣ "ክንፉን ተመልሼ ልውሰደው ይሆን?" አላት። "መርዕድ የሚታረቀው ከክንፉ ጋር አይደለም፤ ካንተ ጋር ነው። ጊዜ ስጠው" አለችው። ተካልኝም ተጨማሪውን ባትሪ ሸጠ፣ የጎደለውን በትርፍ ሥራ ሞላ፣ ፍሬኑን ከነዘይቱ አስቀየረ፣ ጎማ ገዛ። መኪናዋም ሁለት ወንበርና መሪ ብቻ ይዛ ባዶ ሆነች።

በሚቀጥለው ወር እሁድ ሜዳው ሲገባ ዞር ብሎ ያየው የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ቀይዋን መኪና ነበር፤ አንድ የእህል ነጋዴ ገዝቷት፣ ሁለት ዙር እንደነዳ ጭስ ውጧት በገመድ ወጣች። ተካልኝ በጸጥታ መንዳቱን ቀጠለ። ረጅሙ መንገድ መጨረሻ፣ ሽምብራው ማሳ አጠገብ ሲደርስ ካለፈው ጊዜ ቀደም ብሎ እግሩን ወደ ፍሬኑ አዞረ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬኑም ጠንክሮ ያዘለት። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ መርገጥን፣ ኩርባውን አስቀድሞ ማየትን ተማረ። ሃያ ሁለት ዙር ነድቶ ሲወጣ ልብሱ በላብ ርሷል። ተመልካች በሚቆምበት ገመድ አጠገብ መርዕድ ቆሞ ነበር።

"ዛሬ ማንም አላጨበጨበልህም" አለው።

"አዎ? አላስተዋልኩም" አለ ተካልኝ። እውነቱን ነበር። "ና ግባ።"

መርዕድ ለእንግዳ የተቀመጠ የራስ ቁር አጥልቆ አጠገቡ ተቀመጠ። አብረው ሦስት ዙር ዞሩ። ሲቆሙ መርዕድ ለመውረድ አልተነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀስታ ተናገረ።

"አንድ ነገር ልንገርህ ተካልኝ። ያን ክንፍ ስሠራ ስላንተ አላሰብኩም ነበር። ሰው አይቶ 'ማን ሠራው?' እንዲል ነበር። ሽምብራው ውስጥ ስትገባ ሰው ሁሉ ወዳንተ ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ። እኔ ግን አስቀድሜ ያየሁት ክንፉ ተጎድቶ እንደሆነ ነው። ካንተ በፊት ክንፉን አየሁ። ሰላም ያላልኩህ አኩርፌ አይደለም፤ ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው።"

 ተካልኝ ከመሪው ወንበር ወረደ፣ ወደዚያኛው በር ዞሮ ሄደና ቁልፉን በጓደኛው እጅ አስቀመጠ። ሁለተኛ የሌላት መኪና ነበረች።

"ቀስ ብለህ ጀምር" አለው። "መጀመሪያ ፍሬኑን ልመደው።"

ይህን የነገረኝ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ነው ያቆመው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ማቆም ስለማልችል ትንሽ ልጨምር። ይሉኝታ ክብደት አለው። ሚዛን ላይ ባይወጣም፣ ተሸክመነው ቁልቁለት ስንወርድ ይታወቀናል። ለሰው ዓይን ብለን የምንጭነው ነገር ሁሉ ለራሳችን መዳኛ ካስቀመጥነው ላይ ነው የሚቀነሰው። "ይህ አይሆነኝም" ብሎ በጊዜ መናገር ወዳጅን ለአንድ ወር ያስኮርፍ ይሆናል፤ ዝም ማለት ግን ወዳጅንም ራስንም ማሳ ውስጥ ይጥላል። ሰጪዎች ስንሆን ደግሞ እንደ መርዕድ፣ 'ይህን የምሰጠው ለማን ብዬ ነው?' ብለን ራሳችንን መጠየቅ አለብን። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቅር ይለዋል ብላችሁ የተሸከማችሁት የማን ክንፍ ነው? እናንተስ ወዳጃችሁ ጀርባ ላይ የበየዳችሁት ክንፍ ይኖር ይሆን?